ሊቀር ይችል የነበረ ጥፋት

ወንድዬ መካነ ሰላም ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ከወረዳው ጽሕፈት ቤቶች ወረድ ብላ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ይዞ ይውላል። ባለጉዳይ ይመጣል፤ የድንበሩን፣ የውርሱን፣ የማዳበሪያውን ብሶት በአፉ ያፈሰዋል። ወንድዬ ያንን ብሶት ይለቅመውና ቁጥር ሰጥቶ፣ አንቀጽ አበጅቶ፣ «ከሰላምታ ጋር» ብሎ ያወጣዋል። እጁ የተባረከ ነው ይሉታል። እሱ የጻፈው ወረቀት «ግልጽ አይደለም» ተብሎ ከቢሮ የተመለሰበት ቀን የለም።

ባለጉዳይ በማይኖርበት ሰዓት ስልኩን አውጥቶ «ምሽግ» ይጫወታል። ምሽግ በኢንተርኔት የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ምሽግ አለው፤ አርባ አርባ ሰው እየሆኑ ቡድን ይመሠርታሉ፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቡድን ከቡድን ይዋጋል። የወንድዬ ቡድን ስሙ «ብርድ አይፈሬ» ነው። አባላቱ ከመካነ ሰላም፣ ከከላላ፣ ከማሻ፣ ከደሴም ናቸው። መሪያቸው መልአኩ የአጅባር ሰው ነው። አንድም ቀን በአካል አይተውት አያውቁም፤ ድምፁን ብቻ ነው የሚያውቁት። ዝግ ያለ፣ ቃል የማያባክን ድምፅ ነው። እሱ «አሁን» ሳይል ማንም አይተኩስም።

አንድ ማክሰኞ ማሸነፋቸው እርግጥ ሆኖ ሳለ ተሸነፉ። ደሳለው የሚባል የከላላ ልጅ የምሽጉን በር ሳይዘጋ ወደ ምሳው ሄዶ ኖሮ፣ ጠላት በእሱ በኩል ገባ። ቡድኑ ተቆጣ። ሁሉም የየራሱን ስድብ ሲጽፍ ወንድዬ ግን ደንብ ጻፈ።

«ጥፋት ሁለት ዓይነት ነው» አለ በደንቡ መግቢያ ላይ። «አንዱ ሰው ምንም ቢያደርግ የማይቀር ነው። ሁለተኛው በጥንቃቄ ሊቀር ይችል የነበረ ነው። ለሁለተኛው ቅጣት ይኖረዋል።» ቀጥሎ ዘረዘረ። በር ሳይዘጉ መውጣት፣ ከትእዛዝ በፊት መተኮስ፣ ውጊያ አቋርጦ መጥፋት። ሦስት ጥፋት የተመዘገበበት ይሰናበታል። ሦስት ውጊያ በተከታታይ የቀረም ይሰናበታል። ድምፅ ተሰጠ፤ ሠላሳ አንድ ሰው ደገፈው። መዝጋቢም ራሱ ወንድዬ ተደረገ።

በዚያ ደንብ መጀመሪያ የወጣው ደሳለው ነው። ሦስተኛ ጥፋቱን ባጠፋ ቀን ለወንድዬ ለብቻው ጻፈለት። «ወንድሜ፣ መብራት ጠፍቶ ስልኬ ሞቶብኝ ነው እንጂ አልሸሸሁም።»

ወንድዬ መለሰለት። «ቻርጅ አድርጎ መግባት ይቻል ነበር። ካልተቻለ ደግሞ አለመግባት ይቻል ነበር።»

ደሳለው ሌላ አልጻፈም። ወንድዬም ያን ዕለት ጥሩ ዳኛ የሆነ መሰለው።

አሰጋሽ የወንድዬ ታላቅ ናት። ዓረብ አገር ከሄደች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። መጀመሪያ ትደውል ነበር፤ ኋላ የቤቱ እመቤት ስልኳን ወስዳ ቆለፈችበትና ድምፅዋ ጠፋ። ስምንት ወር ሙሉ ጠፋ። እናታቸው የትምወርቅ ከገጠር አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ መጥታ ገበያ በወጣች ቁጥር መጀመሪያ የምትደርሰው ሱቁ በር ላይ ነው።

«ወሬ አለ?» ትላለች ሳትቀመጥ።

«የለም እማ።»

«እሺ» ብላ ወደ ገበያዋ ትሄዳለች።

አንድ ቀን ወደ ቡድኑ ለመግባት ከሚጠይቁ ሰዎች መካከል በዓረብኛ የተጻፈ ስም መጣ። ወንድዬ ሊሰርዘው ጣቱን ሲያነሣ፣ ከሥር በእንግሊዝ ፊደል የተጻፈ አማርኛ አየ። «ወንዱ፣ እኔ ነኝ» ይላል።

«እኔ ማን?» ብሎ ጻፈ። አጭበርባሪ መስሎታል።

«አሴ።»

«በምን ልወቅ?»

ትንሽ ቆየ። ከዚያ መጣ። «አባባ የተቀበሩ ቀን ጫማህን ግራና ቀኝ አቀያይረህ ነበር ያደረግከው። አይቼ ዝም አልኩ።»

ወንድዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ደጅ ወጣ። ፀሐዩ ላይ ትንሽ ቆመ። ተመልሶ አስገባት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የቤቱ እመቤት አባት ጡረታ የወጡ መኮንን ናቸው። እግራቸው አይታዘዝም፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የልጅ ልጃቸው ለትምህርት ባሕር ማዶ ከመሄዱ በፊት ታብሌት ላይ ምሽግን አስለምዷቸው ሄደ። ጣታቸው አልሠራ ሲላቸው አሰጋሽ ጣት ሆነችላቸው። እሳቸው ያዛሉ፣ እሷ ትነካለች። ሸይባ ትላቸዋለች፤ በዚያ አገር ሽማግሌ ማለት ነው። አገር ቤት ሳለች ከወንድዬ ጎን ተቀምጣ ስታይ ስለኖረች ጨዋታውን ታውቀዋለች፤ የቡድኑንም ስም አልረሳችም። ሸይባ ሸለብ ሲያደርጋቸው ትጽፋለች። ጨዋታው የቡድን አባል ላልሆነ ሰው መልእክት አያሳልፍም፤ ስለዚህ መንገዷ ያ አንድ ቡድን ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የትምወርቅ ገበያ ስትወጣ በሩ ላይ አትቆምም። ገብታ በርጩማው ላይ ትቀመጥና ነጠላዋን አስተካክላ መልእክቷን ታስጽፋለች።

«በላት፤ ላሚቱ ወልዳለች። ወይፈን ነው በላት። የጉልበቴ ሕመም ተሽሎኛል በላት።»

«አልተሻለሽም እኮ እማ።»

«አንተ በላት።»

የቡድኑ ሰዎች ውጊያ ሊጀመር ሲል የላም መውለድ ሲያነቡ ያጉረመርማሉ። «ይህ የጦር ሜዳ ነው ወይስ የዕድር ቤት?» ይላል አንዱ። ወንድዬ ይቅርታ ይጠይቃል። ለመልአኩ ብቻ እህቱ መሆኗን ነግሮታል። መልአኩ «እሺ» ብሎ ነበር፤ ያመነ ድምፅ ግን አልነበረም።

የመጀመሪያው ጥፋት በሁለተኛው ወር መጣ። በውጊያው መሐል የአሰጋሽ ምሽግ ደርቆ ቀረ። በእሷ በኩል ሦስት ሰዎች ተመቱ። ኋላ ጻፈች። «ሸይባን ማንሣት ነበረብኝ። ሰውነታቸው ረጥቦ ነበር።» ወንድዬ ይህን ለአርባ ሰው እንዴት ብሎ ይንገር? የራሱን ሰው ደበቀ እንዳይሉት ሲል በገዛ እጁ መዘገበባት። ጥፋት አንድ።

ሁለተኛው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ከመልአኩ ትእዛዝ በፊት ተኮሰች፤ ጠላት ነቃ።

«ምቺ አሉኝ» ብላ ጻፈች። «ቆይ ብላቸው ይጮኻሉ። ሲጮኹ ልጃቸው ትመጣለች፣ ታብሌቱን ትነጥቃለች። ምን ላድርግ?»

መልአኩ በቡድኑ ፊት «መዝግብ» አለ። ወንድዬ መዘገበ። ከዚያ ደወለለት።

«መልአኩ፣ ይቺ ልጅ እኮ እጇ የራሷ አይደለም» አለው።

«የማን ነው?»

«የሰውዬው ነው። እሳቸው ያዛሉ፣ እሷ ትነካለች።»

«እንግዲያ የተኮሱት እሳቸው ናቸው። እሳቸውን እናስወጣለን።»

«እሳቸው ከወጡ እሷም ወጣች ማለት እኮ ነው። እህቴን የማገኝበት ሌላ መንገድ የለኝም።»

መልአኩ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ወንድዬ፣ ሁሉም ሰው ታሪክ አለው። የማሻው ልጅ እናቱ ሆስፒታል ናት አለኝ፤ አስወጣሁት። ደሳለው ምን ብለህ እንደመለስክለት ለእኔ አሳይቶኛል። ማድረግ ካልቻለች አትግባ። ደንቡ ያንተ ነው።»

ወንድዬ ደንቡ ይሻሻል ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ባለ አምስት አንቀጽ፣ እንደ ልማዱ ጥርት ያለ ጽሑፍ ነበር። ዘጠኝ ሰው ደገፈው።

አሰጋሽ ሁሉንም አነበበች። «ካልገባሁ ሦስት ቀርቼ እወጣለሁ፤ ከገባሁ እሳሳታለሁ» ብላ ጻፈች። «የቱን ልሁን ወንዱ?»

ለሰው ሁሉ ቃል የሚያበጀው ልጅ ለእሷ የሚሆን አጣ። «አብሽሪ» ብቻ አላት።

በአካል ካገኘሁት ይሰማኛል ብሎ አሰበ። ሰው ፊት ለፊት ሲተያይ ሌላ ነው። መንገዱ ክፍት በሆነበት የጥር ሳምንት ሐሙስ ሱቁን ዘግቶ ተነሣ፤ ደሴ አደረ፤ ዓርብ ጠዋት የአጅባርን አውቶቡስ ያዘ። ሰባት ሰዓት ይገባል ብለውት ነበር። ከዘጠኝ በፊት መልአኩን አግኝቶ፣ የዛሬው ውጊያ ሳይጀመር ለማስማማት ነው ሐሳቡ። እሷም ዛሬ ካልገባች ሦስተኛ መቅረቷ ስለሆነ የግድ ትገባለች።

አውቶቡሱ አንድ ዳገት ወገብ ላይ ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ ከሥር ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። ተሳፋሪው በድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ስልኩ መስመር የለውም። ወንድዬ ስልኩን ወደ ላይ ይዞ ዳገቱን ወጣ፤ ከላይም የለም። ወደ ማዶ ተሻገረ፤ የለም። ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ቄስ ከተሳፋሪዎቹ መካከል ሲያዩት ቆይተው ጠየቁት።

«ምን ጠፋብህ ልጄ?»

«መስመር ነው አባ።»

«ለክፉ ነው?»

«እህቴን ሊያስወጡብኝ ነው።»

«ወይኔ። ከባሏ ቤት?»

እንዴት ብሎ ያስረዳቸው? «አዎ አባ» አለ። እሳቸው መስቀላቸውን አወጡ፤ ተሳለመ። ሰዓቱ ዘጠኝ ሆነ፣ ዘጠኝ ተኩል ሆነ፤ ዘጠኝ ተኩል ላይ ውጊያው እንደሚያልቅ ያውቃል። አውቶቡሱ የተነሣው አሥር ሰዓት ነው።

መልአኩን ልብስ ሰፊ ሆኖ አገኘው። ያ ከባድ ድምፅ ከአንድ ትንሽ ሰው ጉሮሮ ነው የሚወጣው። አንገቱ ላይ ሜትር ተንጠልጥሎበታል፤ ስልኩ የስፌት መኪናው ሰሌዳ ላይ ነው። ወንድዬ ስሙን ሲነግረው ከወንበሩ ተነሣ፣ ትከሻውን ሳመው።

«ምነው ሳትነግረኝ?» አለ። «ዛሬ አሸነፍን እኮ፤ አልሰማህም?»

«መስመር አልነበረም። አሴ ገብታ ነበር?»

መልአኩ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደው። «ሽማግሌው? ገብቶ ነበር። ቀድሞ ተኮሰ።»

«እና?»

«አስወጣሁት። አንድ ሰዓት ሆነው።»

«አሸንፋችሁም?»

«አሸንፈንም። ጥፋት ጥፋት ነው ብዬ።»

ወንድዬ ደንበኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ አወራለት። ስምንት ወር ዝምታውን፣ የተቆለፈውን ስልክ፣ የጫማውን ነገር፣ የእናቱን የበርጩማ ላይ መልእክት። ማመልከቻ አልመሰለም፤ ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ መሐል እየተመለሰ፣ እየተደናበረ ነው ያወራው። መልአኩ መርፌ እንደያዘ ሰማው።

«እኔ ሴት ልጅ ለማቆየት የምታወራው መስሎኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «እውነቱን ለመናገር፣ አላመንኩህም።»

ወዲያው ስልኩን አነሣ። የተሰናበተ ሰው ራሱ መጠየቅ አይችልም፤ መሪው ከጠራው ግን ይመለሳል። ጠራት። በስሟ ሥር «ከአንድ ሰዓት በፊት ገብቷል» የሚል ነበር። ጠበቁ። የመልአኩ ሚስት ሥርጉት ወደ ቤት ጠራቻቸው፤ ዓርብ ስለሆነ ሽሮ አቀረበች። በሁለቱ መካከል ስልኩን ትሪው አጠገብ አድርገው በሉ። መልአኩ እየደጋገመ «ሲነቁ ያያሉ፣ ሰውዬው አሁን ተኝተው ነው» ይላል። ጠዋት ወንድዬ ሲሰናበት «ከአሥራ አምስት ሰዓት በፊት ገብቷል» ይላል። መልአኩ መናኸሪያ ድረስ ሸኘው። የአውቶቡሱን በር ራሱ ዘጋለት።

ከዚያ ቁጥሩ አደገ። ከሦስት ቀን በፊት። ከዘጠኝ ቀን በፊት። ወንድዬ ባለጉዳይ ፊት ተቀምጦም ስልኩን ያያል። ጥሪው በራሱ ጊዜ ሲያልፍበት መልአኩ ያድሰዋል። ከሃያ ሁለት ቀን በፊት።

የትምወርቅ ገበያ ወጥታ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። «በላት» አለች፤ «የአክስትሽ ልጅ ታጨች በላት።»

«እማ፣ መንገዱ ተዘግቷል» አላት።

«ማን ዘጋው?»

«ደንቡ።»

«ደንቡን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

አየችው። «እንግዲያ አንተ ክፈተዋ።»

«ከፍተነዋል። የምትገባው ናት የጠፋችው።»

የትምወርቅ ተነሣች። ያን ቀን ጨውዋንም ሳትገዛ ተመለሰች።

ሁለት ቤት አለፍ ብላ ልብስ የምትሸጠው እትዬ ሀያት ሰባት ዓመት ዓረብ አገር ኖራለች። ወንድዬ ስልኩን ይዞ ሄደ። አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«ሸይባው ታመው ወይም ሞተው ይሆናል» አለችው። «ሽማግሌ ሲሞት ለእሱ የመጣችውን ሠራተኛ አያቆዩአትም። ወይ ለዘመድ ይሰጧታል፣ ወይ ወደ ኤጀንሲው ይመልሷታል።»

«ለማን እንደሰጧት በምን ይታወቃል?»

«አይታወቅም ልጄ። አላህ ያውቃል።» አሰጋሽን የላካትን ኤጀንሲ ቁጥር ተቀብላ በዓረብኛ ብዙ ቀን ሞከረችለት። አንዴ ሰው አነሣና የአሰጋሽን ስም እንኳ ሳትጨርስ ዘጋባት።

ግንቦት ላይ አንድ ጠዋት፣ አንድ የድንበር ክርክር ያለባቸው አዛውንት ቆመው ሲያስጽፉት፣ የውጭ ቁጥር ደወለ።

«ወንዱ።»

«አሴ። የት ነሽ? አሴ፣ የት ነሽ?»

«ስማኝ፣ ስልኩ የሰው ነው። ቆሻሻ ልደፋ ወጥቼ ነው። ደህና ነኝ። ሸይባ ሞቱ። ከቡድኑ በወጣን በሦስተኛው ቀን ሞቱ። ታብሌቱን ከቡድኑ በወጣን ማግስት ወሰዱት፤ እሳቸው ክፈቺ ክፈቺ ይሉኝ ነበር። አሁን ሌላ ከተማ ነኝ፣ ልጆች የበዙበት ቤት ነው። ወንዱ፣ አስቀየምኩህ አይደል? ቆዪ ስትሉኝ መቆየት እችል ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። በሰዎቹ ፊት አሳፈርኩህ።»

«አይደለም አሴ፣ አይደለም፣ ስሚኝ…»

«እማን አደራ» አለች። ተቋረጠ።

ወንድዬ መልሶ ደወለ። በሦስተኛው ሌላ ሴት አነሣች፤ የሐበሻ ድምፅ ነው፣ ድምፅዋን ቀንሳ ታወራለች።

«ገባች ወንድሜ። በረኛው ጠራት።»

«የትኛው ቤት ነው የገባችው?»

«እኔ እንጃ። ግንቡ ረጅም ነው፣ በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት። ዛሬ ነው ያየኋት።»

«ደግመሽ ካገኘሻት አንድ ነገር ንገሪልኝ። ጥፋት የለብሽም ብሏል በያት።»

«ካገኘኋት» አለች ሴቲቱ። «እኔም ከዚህ ወር በኋላ እዚህ አልቆይ ይሆናል።»

አዛውንቱ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው ነበር። «ነገ ልመጣ እችላለሁ» አሉ። ወንድዬ ወረቀታቸውን ጨርሶ ሰጣቸውና ሱቁን ዘጋ።

እናቱን በረት በር ላይ ጭድ ስትበትን አገኛት። በሥራ ቀን ሲመጣ ስታየው እጇ ቆመ። ከሩቅ ሳለ «ደህና ናት» አላት። ከዚያ ቀርቦ የሰማውን ሁሉ ነገራት፤ የሰማውን ያህል፣ ከዚያ በላይ አልነበረውም። የትምወርቅ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

«ሰውዬው ሞቱ?» አለች።

«ሞቱ ብላለች።»

«ነፍሳቸውን ይማር። ልጄ የምትጽፍልኝ በእሳቸው ነበር። ስማቸው ማን ነበር?»

ወንድዬ አሰበ። አሰጋሽ ሸይባ ከማለት በቀር ስማቸውን ጽፋለት አታውቅም፤ እሱም ጠይቋት አያውቅም።

«እንጃ» አለ።

«አሁን ያለችበትስ ቤት? ሰዎቹ ምን ዓይነት ናቸው?»

«እሱንም እንጃ እማ።»

የትምወርቅ የቀረውን ጭድ ለላሚቱ ገፋችላት። ከማዶ ደመናው እየጠቆረ ይመጣ ነበር።

«ግባ» አለችው፤ «ሊዘንብ ነው።»